ዶክተር ዓለምሰገድና የእርሾ ጋብቻ

በየኮንዶሚኒየሙ ዓለምን በገዛ ሙያው ብቻ የሚተረጉም አንድ ሰው አይጠፋም። ሹፌሩ ትዳርን በፍሬን፣ ባንከኛው ሞትን በወለድ ያስረዳል። በሰፊው የገርጂ ሕዝብ ላይ የተጫነው ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ የእርሾ ሊቅ።

ክቡር ዶክተር ዓለምሰገድ ዕድሜያቸውን በላቦራቶሪ የፈጁት እርሾ እንዴት እንደሚጋባ ሲያጠኑ ነው። አዎ፣ ይጋባል። "ሁለት ወገን አለው" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "ወገኑን የምትወስነው ጂን ናት። አንዱ ጠረን ይለቃል። ሌላው ጠረኑ ሲደርሰው ሥራውን ሁሉ አቁሞ ወደዚያው ይለጠጣል። እግር የለውማ።"

በጎረቤታችን በኦብሴ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን "ጂናችሁ ይባረክ" ብለው መረቁ። መገናኛ ታክሲ ውስጥ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት መሀል ገብተው "ጠረን መቀበያችሁ ደክሟል" ቢሉ፣ ተጨቃጫቂዎቹ ወዲያው ታርቀው በሳቸው ላይ ተባበሩ።

"እርስዎስ ለምን አላገቡም?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው። "ጂኑ የተበላሸበት እርሾ አጠገቡ ያለውን እንኳ አያሸትም። እኔ ከዚያ ወገን ነኝ።" እኛ እንስቃለን። እሳቸው አይስቁም።

ከዚያ ባሏ የሞተባት ሸዋዬ በሕንፃችን ምድር ላይ ዳቦ ቤት ከፈተች። ዶክተሩ ማስተማር አቆሙ። ወንበራቸውን በረንዳ አወጡ። ጠዋት ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ አንገታቸው ከብረቱ አልፎ ቁልቁል ይሳባል።

"ዶክተር፣ ይወድቃሉ" አልኳቸው።

"አየር ልቀበል ብዬ ነው።"

"ከዳቦ ቤቱ?"

ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ ብልህ ትስቅብኛለህ?" አሉኝ። ሳልስቅ "እሄዳለሁ" አልኳቸው።

"ብቻ አደራ፣ እርሾ እንዳታነሳ።"

ሁለት አዛውንት አስከትዬ አያት ሰፈር፣ የሸዋዬ ወንድም አቶ ወዳጆ ቤት ሄድኩ። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን። "ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ናቸው?" አሉ አቶ ወዳጆ። ትምህርታቸውን፣ ጨዋነታቸውን ልዘረዝር አፌን ብከፍት፣ የወጣው እርሾ ሆነ። ስለ ጠረኑ፣ ስለ ጂኑ፣ ሥራ አቁሞ ስለ መለጠጡ ሁሉን ተናገርኩ። አዛውንቶቹ አቀረቀሩ።

አቶ ወዳጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ መክረን... ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ከጓዳ በር ጀርባ የሸዋዬ ድምፅ መጣ። "ጋሼ፣ እኚያ በረንዳ ላይ የሚንጠለጠሉት ሰውዬ ናቸው?"

"ናቸው" አልኩ እኔ።

"ታዲያ እስከ ሌላ ቀን ድረስ ወድቀው ይሙቱ? በደረጃው ይውረዱ በሏቸው።"

ገርጂ ስመለስ ዶክተሩ እዚያው ብረቱን ጨብጠው ቆመዋል።

"ጂንዎ ጤነኛ ነው" አልኳቸው።

የእርሾ ማብራሪያ ጠበቅሁ። ኮታቸውን ብቻ ፈልገው ለበሱና ወደ ደረጃው ሄዱ።