በሽቦ አልጋ የሰባው ፈረስ

ፈረስ ጨዋ እንስሳ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ፈረስ ሲሄድ እንጂ ሲበላ አላዩም። እኔ አይቻለሁ። አንድ ሸክም ድርቆሽ መሬት ላይ ያቀርቡለታል። አንድ ጊዜ ይነጫል፣ ሁለት ጊዜ ይረግጣል። ደስ ያለውን ያህል ከበላ በኋላ የቀረው ላይ ይሸናበታል። ከዚያ ደግሞ ዞር ብሎ እንደተራበ በዓይኑ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለ እንግዳ ቤትዎ ቢመጣ ሁለተኛ ይጠሩታል?

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ ጎባም ዋና ከተማው በነበረበት ዘመን እኔ እዚያ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የጸሐፊ፣ ምኞቴ ግን የፈረሰኛ ነበር። በባሌ ደግሞ ባለፈረስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ፈረስ ሲይዝ አባቱ ያወጣለት ስም ጡረታ ይወጣል፤ በፈረሱ ስም «አባ እንትና» ይባላል። ገበያ ላይ ከሩቅ የሚጠሩት፣ ሰርግ ላይ ዘፋኙ የሚያነሣው በዚያ ስም ነው። ስለዚህ አንድ ዳማ ፈረስ ገዝቼ ግቢዬ ሳላስገባው ስሙን አሰናድቼ ጨረስኩ፤ ነጎድጓድ። አባ ነጎድጓድ! ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ ሞክሬዋለሁ። ጥሩ ይሰማል።

ችግሩ ምን መሰለዎት? ስሙን የሚያወጣው ባለቤቱ ቢሆንም የሚያጸድቀው ሕዝቡ ነው። ጎረቤቴ ኦቦ ቃሲም፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከፈረስ ጋር የኖሩ ሽማግሌ፣ መጥተው ዙሪያውን አዩት። የጎን አጥንቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ስሙን ነገርኳቸው።

«ነጎድጓዱ ይቅርና» አሉ፣ «ወላሂ፣ ደመናውም የለ!»

ይባስ ብሎ ሰርግ ደርሶብኛል። የባለቤቴ የአስካለ ታናሽ ወንድም ግርማ ሮቤ ነው የሚኖረው። ሊያገባ ነው፤ ሙሽሪት የጎባ ልጅ ናት። እሷን ወደ ሮቤ ስንወስድ ፈረሰኞቹን ከፊት ሆኜ የምመራው እኔ ነኝ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዘፋኙ በሕዝብ ፊት ስሜን የሚያነሣውም ያኔ ነው፤ ያን ቀን የወጣ ስም ደግሞ አይመለስም። ግርማ ፈረሱን አየና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እሱ ነው እርስዎን የሚሸከመው ወይስ እርስዎ ነዎት እሱን የሚሸከሙት?» አለኝ። እስከ ሰርጉ ካልሰባ ሌላ ሰው ከፊት ይሄዳል አለ። አንድ ወር ነበረኝ።

ድርቆሽ አላጣሁም። ግን ግማሹ ሰኮና ሥር ነው የሚቀረው። መፍትሔው ግርግም መሥራት እንደሆነ ወሰንኩ። የተማርኩ ሰው ነኝና ከፍ ያለ ነገር ወደድኩ። ከግድግዳው ላይ፣ ከፈረሱ ራስ በላይ፣ የእንጨት መሰላል የመሰለ ነገር አስመታሁና ድርቆሹን እዚያ ሰቀልኩ። በሁለተኛው ቀን ፈረሱ እንደ ለቀስተኛ ዓይኑ ይፈስ ጀመር። ብናኙና ገለባው ከላይ ይወርድበታል። ያስነጥሳል፣ ይስላል።

ኦቦ ቃሲም ተቆጡ። «አንተ ጸሐፊ፣ ሣር ከሰማይ ሲዘንብ አይተህ ታውቃለህ? ፈርዳ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚበላው!» ፈርዳ ማለታቸው ፈረስ ነው፤ ሲናደዱ አማርኛው ያልቅባቸዋል።

እሺ፣ ዝቅ ይበል። በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ድርቆሹን እዚያ ሞላሁ። እንደ ጅብ ጨረሰውና በርሜሉን ገለበጠው። ከዚያ እግሩን አስገባበት። ከነበርሜሉ አጥር ጥሶ ቁልቁል ሲወርድ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ነጎድጓድ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የገመድ መረብ ሠራሁ። መረቡ ሲሞላ ደረቱ ጋ ነበር፤ ሲጎድል ግን ተንጠልጥሎ ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ሰኮናው ገባበት። ኦቦ ቃሲም በቢላዋ ቆርጠው ባያወጡት ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። «መረብ ስትሰቅል» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ባዶ ሲሆን የት እንደሚደርስ ቀድመህ እይ።» ለድርቆሽ ብቻ የሚጠቅም ምክር አይመስለኝም።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀረው። አስካለ ለድግሱ ዝግጅት እናቷ ዘንድ ሮቤ ሄደች። ቤቱን ጠብቅ አለችኝ። ስጠብቅ ነው እንግዲህ ዕቃ ቤት የገባሁት። እዚያ፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ አዲስ የሽቦ አልጋ ቆሟል። አስካለ ለወንድሟ ለሰርጉ ስጦታ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያስመጣችው ነው። እኔና እሷ የምንተኛው መደብ ላይ ስለሆነ አልጋውን የማየው በአክብሮት ነበር። ያን ቀን ግን በሌላ ዓይን አየሁት። የሽቦው ቀዳዳ ሰኮና አያስገባም። የፈረስ ከንፈር ግን ጥቂት ጥቂት ሣር ሊስብበት ይችላል። በልቤ «ለጊዜው» አልኩ። ስንት ዓመት ስጽፍ ከዚህ የከፋ ቃል አላጋጠመኝም።

ኦቦ ቃሲም የማን አልጋ እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የሽቦውን ጫፎች ከንፈር እንዳይወጉ በድንጋይ ቀጥቅጠው ወደ ኋላ አጠፏቸው። አልጋውን በጎኑ አቁመን፣ ከፈረሱ ጉልበት ከፍ አድርገን ከሁለት ቋሚ ጋር አሰርነው። ድርቆሹን በሽቦውና በግድግዳው መካከል ጠቀጠቅን። ፈረሱ መጀመሪያ ብረቱን ነከሰ። ተናደደ። ከዚያ አንዲት ሰበዝ ሳበ። ሌላ ሳበ። እስኪመሽ ሲስብ ዋለ። መሬት ላይ የወደቀ ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የጎን አጥንቱ አይታይም። ኦቦ ቃሲም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አሁን ደመናው መጣ» አሉ።

በሰርጉ ዋዜማ አልጋውን ፈትቼ አጠብኩ፣ ጠረግኩ፣ ቦታው መለስኩ። ፈረሱ ቤቱ እንደፈረሰበት ሰው ያየኝ ነበር። በሰርጉ ዕለት ጠዋት በግርግሩ ድርቆሽ መስጠት ረሳሁ። አስካለ ከሮቤ መጥታ አልጋውን አሸተተች።

«ምን ምን ይላል ይሄ?»

«አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው» አልኳት።

ሰርገኛው ተነሣ። እኔ ከፊት። ሙሽራው፣ በቅሎ ላይ ያለችው ሙሽሪት፣ ፈረሰኞቹ በመካከል። ስጦታው ከኋላ፤ አልጋውን አራት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ተሸክመውታል። ከጎባ ወጥተን መንገዱ ሲጠመዝዝ ፈረሴ የሰልፉን ጭራ አየ። ጆሮው ቆመ። ዞረ። ልጓም ብስብ፣ ብጮህ፣ የሚሰማኝ የለም። በፈረሰኞቹ መካከል ሰንጥቆ፣ ሙሽሪትን አልፎ፣ አልጋው ጋ ደርሶ ቆመ። ከንፈሩን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። ስጠርግ የሳትኳትን አንዲት ሰበዝ አገኘና እያጣጣመ አኘካት።

ሰልፉ ቆመ። አስካለ ከአልጋው ኋላ ነበረች። የፈረሱን ከንፈር አየች፣ ሽቦውን አየች፣ እኔን አየች።

«ስንት ቀን?» አለችኝ።

«ለጊዜው» አልኳት።

ፈረሱ ከአልጋው አልለይም አለ። ግርማ «ኧረ ጋሼ!» እያለ ሊያለቅስ ደረሰ። በመጨረሻ ኦቦ ቃሲም ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ፈረዱ። «ፈረሱ ከአልጋው ኋላ ካልሆነ አይሄድም። ጸሐፊው ከፊት ካልሆነ አይሄድም። እንግዲያው አልጋውን ከፊት አድርጉት!»

ሙሽራ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ አልጋ ሲገባ አይተው ያውቃሉ? ሮቤ አየች። ከፊት አልጋ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ ሰርገኛው። አሮጊቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሙሽሪት በመሸፈኛዋ ሥር ትንቀጠቀጣለች፤ ለቅሶ አልነበረም። ስሜን አስቀድሜ ሹክ ያልኩት ዘፋኝ «አባ...» ብሎ ጀመረ። አልጋውን አየ፣ እኔን አየ።

«አባ ሽቦ!» አለ።

ሕዝቡ ተቀበለ። አለቀ። አጸደቁት።

አስካለ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ቀስ በቀስ ታረቅን። በዓመቱ ለእኛ ለራሳችን የሽቦ አልጋ አስመጣሁ። ደስታዋን ቢያዩት! ከመደብ ልንገላገል ነው። ይሁንና አልጋው ገብቶ ገና ሳይነጠፍ በረቱ በር ላይ ቆማ ስታይ አገኘኋት። የግርማ አልጋ ከሄደበት ወዲህ ፈረሱ ከስቷል፤ የጎን አጥንቱ ብቅ ብቅ ብሏል።

«የአባ ሽቦ ሚስት እያሉኝ» አለች፣ «ይሄን አጥንት አይተው ምን ይሉኛል?»

ቤት ገብታ አልጋውን በአንድ በኩል አነሣች። እኔ በሌላው በኩል ያዝኩና ወደ በረቱ አስገባነው። እኛ መደባችን ላይ ቀረን፤ ኦቦ ቃሲም ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆይ» አሉኝ፣ «ፈርዳው ገና ፍራሽ ይጠይቅሃል።»