ለፓፓ ኢሲዮማ የሚላክ ቪዲዮ

(አሳባ ከተማ፣ ጠባብ የቪዲዮ ሱቅ። ባለሱቁ ኡዞማ ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ መስታወት ፊት ጢሙን ይላጫል። ከጀርባው፣ አለቃውን «ኦጋ» እያለ የሚጠራው አዲሱ ሠራተኛ ንዱካ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሷል።)

ኡዞማ፦ እኮ መቀሱን ውሰድ አላልኩህም?

ንዱካ፦ ወሰድኩት እኮ ኦጋ።

ኡዞማ፦ ታዲያ የታለ?

ንዱካ፦ ባለቤቱ ጋ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ስትፈልገው ነበር፤ ወስጄ ሰጠኋት።

ኡዞማ፦ የምልህ ላፕቶፑ ላይ ያለውን መቀስ ነው። የመቀስ ሥዕል አይታይህም?

ንዱካ፦ ይቺ ሚጢጢዋ? ይቺማ ክርም አትቆርጥ።

ኡዞማ፦ ሠርግ ትቆርጣለች። ስማ ንዱካ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም። ፓፓ ኢሲዮማ ምን እንዳሉኝ ነግሬሃለሁ።

ንዱካ፦ «ልጄን ከመስጠቴ በፊት ሥራህን አሳየኝ።»

ኡዞማ፦ አዎ፣ እስከ ቀትር። ከወደዱት ቅዳሜ ሽማግሌዎቼ የዘንባባ ጠጅ አሸክመው በራቸው ላይ ናቸው። ካልወደዱት ልጃቸውን ኢሲዮማን ያ የዋሪ ከተማ ነጋዴ ይወስዳታል።

ንዱካ፦ ታዲያ ለምን ራስህ አትቆርጠውም?

ኡዞማ፦ ቪዲዮውን እንዳዩ «ና» ቢሉኝስ? በዚህ ጢም ልሄድ ነው? ደግሞ የበሰለ ባለሙያ ዓይን አያስፈልገውም፣ በጆሮው ይቆርጣል። አንተ እጅ ሁን፣ እኔ ጭንቅላት። የጓደኛዬን የአዙካን ሠርግ ጎትተህ ከታች ያለው ረጅም መስመር ላይ ጣለው።

ንዱካ፦ ጣልኩት። ለሁለት ተከፈለብኝ።

ኡዞማ፦ አልተከፈለም። ላይኛው ምስሉ ነው፣ ታችኛው ድምፁ። አንዱን ስትቆርጥ ሌላው አብሮ መቆረጡን እይ፤ አለዚያ ሰውየው አፉን ዘግቶ ያወራልሃል።

ንዱካ፦ ኦጋ፣ ደስ ሲል። ድምፁ ተራራ ተራራ ይመስላል። እዚህ ጋ ጭብጨባ መሆን አለበት፣ ከፍ ብሏል።

ኡዞማ፦ አየህ፣ እየገባህ ነው። ሰው የጮኸበት ተራራ፣ ዝም ያለበት ሜዳ። መጀመሪያው ላይ የመድረክ መሪው ጆሮ ይበሳል፤ ድምፁን አውርደው።

ንዱካ፦ ዳታ የለኝም።

ኡዞማ፦ የምን ዳታ?

ንዱካ፦ የማወርድበት።

ኡዞማ፦ ዝቅ አድርገው ነው ያልኩህ። ከኢንተርኔት አውርድ አልኩ? ዝቅ አደረግከው? ጎበዝ። አሁን አስቀምጠው።

(ንዱካ ላፕቶፑን አንስቶ ወለሉ ላይ ያኖረዋል።)

ኡዞማ፦ ምንድነው የተንኳኳው?

ንዱካ፦ አስቀመጥኩት ኦጋ።

ኡዞማ፦ ሥራውን ነው የምልህ፣ ሥራውን። መብራት ቢሄድ እንዳይጠፋብን እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ አስቀምጠው። አምላኬ፣ ምን አድርጌህ ነው? በል ወደ ዋናው እንሂድ፤ ሙሽሪት በባህላችን የጠጅ ጽዋዋን ለባሏ ልትሰጥ ከእንግዶቹ መሃል የምትፈልግበት ጋ።

ንዱካ፦ ደርሻለሁ። ወንዱ ሁሉ «ባልሽ እኔ ነኝ፣ ለኔ ስጪኝ» እያለ እጁን ይዘረጋባታል። አንተም አለህ።

ኡዞማ፦ አለሁ እንጂ። ያለ እኔ ምን ሠርግ አለ?

ንዱካ፦ እጅህ ከሁሉም ይረዝማል።

ኡዞማ፦ እሱን እንዳትነካው። ፓፓ ኢሲዮማ በሰው ዘንድ ተወዳጅ መሆኔን ይዩ። የቀረውን እጅ ሁሉ ቁረጥ።

ንዱካ፦ የአጎቶቿንም?

ኡዞማ፦ አጎቶቿ ልጅ ሊጠይቁ ነው? ቁረጥ። ከእኔ ተነሥታ ወዴት ትሄዳለች?

ንዱካ፦ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ድንኳኑ ጥግ አዙካን ታገኘዋለች።

ኡዞማ፦ መዞሩን አውጣው። ሰው ዝም ብሎ ሲሄድ ተመልካች ያንቀላፋል። ተንበርክካ ጽዋውን የምትሰጥበት ጋ አገናኘው።

ንዱካ፦ አዙካን ግን ጃንጥላ ሸፍኖታል። ጀርባው ብቻ ነው ያለን።

ኡዞማ፦ ጀርባ ምን ያደርግልናል? ቁረጠው። የእሷ ፊት ይበቃል።

ንዱካ፦ ሙሽራው ነው እኮ ኦጋ።

ኡዞማ፦ ሙሽራ ስለሆነ ጀርባው ፊት ይሆናል?

ንዱካ፦ አይሆንም። (ይቆርጣል) ግን እንዲህ ሲሆን ታሪኩ...

ኡዞማ፦ ሰኞ ገብተህ ሐሙስ ታሪክ ልታስተምረኝ ነው?

ንዱካ፦ ይቅርታ ኦጋ።

ኡዞማ፦ ቀጥሎ ምን አለ?

ንዱካ፦ ጭፈራ። እንግዳው ተራ በተራ ከሙሽሪት ጋር ይጨፍራል። ያንተም ተራ አለ።

ኡዞማ፦ የእኔን ብቻ ተው። ትከሻዬ ይታያል?

ንዱካ፦ ያስቀናል። ኦጋ፣ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ስነካው ከላይ ቀይ ልብ ይዘንባል።

ኡዞማ፦ ሠርግ አይደል? ይዝነብ።

ንዱካ፦ ጭፈራውን ላዘግየው? ሲዘገይ ያምራል።

ኡዞማ፦ አዘግየው። መጨረሻው ላይ የሠራውን ሰው ስም ጻፍ፣ በትልቁ።

ንዱካ፦ የሠራውን?

ኡዞማ፦ የሠራውን። ስም የሌለበትን ሥራ ማንም «የኔ ነው» ይላል።

ንዱካ፦ (ፈገግ ብሎ እየጻፈ) እግዜር ይስጥልኝ ኦጋ። አላሰብኩትም ነበር።

ኡዞማ፦ አንተ ምን አገባህ? አጫውተው፣ ልስማው።

(ከበሮ፣ ሳቅ፣ ጭብጨባ ይሰማል። ኡዞማ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይነቀንቃል።)

ኡዞማ፦ ጭብጨባው በቦታው፣ ከበሮው በቦታው። ላክላቸው።

ንዱካ፦ አንዴ አታየውም?

ኡዞማ፦ ዓይኔ ሳሙና ገብቶበታል። መብራቱ ሳይሄድ ላክ።

(ይልካል። ኡዞማ እያፏጨ አንዱን ጉንጩን ይጨርሳል። ላፕቶፑ የመልእክት ደወል ያሰማል።)

ንዱካ፦ መልስ መጣ።

ኡዞማ፦ አንብብልኝ፣ ቀስ ብለህ።

ንዱካ፦ «ልጄ ኡዞማ፣ ያማረ ሥራ ነው። ደግሜ አየሁት።»

ኡዞማ፦ አላልኩህም?

ንዱካ፦ «ባለቤትህም ጨዋ ትመስላለች። ተንበርክካ ጽዋውን ስትሰጥህ እንባዬ መጣ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

(ኡዞማ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ላፕቶፑ ላይ ይደፋል።)

ኡዞማ፦ የምን ባለቤት? አጫውተው... እጄን ዘረጋሁ... ተንበረከከች... ልብ ዘነበ። ንዱካ፣ ከአዙካ ሚስት ጋር ዳርከኝ እኮ።

ንዱካ፦ ያልከኝን ነው የቆረጥኩት።

ኡዞማ፦ ስልኬን አምጣ፣ ልደውል።

ንዱካ፦ ቆይ፣ አልጨረሱም። «ነገር ግን ባለትዳር ከሆንክ ልጄን እርሳት። ይልቅ ስሙ መጨረሻው ላይ የተጻፈው ባለሙያ፣ ንዱካ የተባለው...»

ኡዞማ፦ ማን የተባለው?

ንዱካ፦ «...ንዱካ የተባለው አግብቷል?»

ኡዞማ፦ ስምህን ጻፍክ?

ንዱካ፦ የሠራውን አልክ፤ ሠራሁ።

ኡዞማ፦ (ወንበር ላይ ይወድቃል) እሺ። እሺ። ሰውየው ጠፍተውብን ሳይቀሩ አሁኑኑ መልስላቸው። እውነቱን ጻፍላቸው፣ እውነቱን ብቻ።

(ንዱካ ተጠንቅቆ ይጽፋል፣ ይልካል።)

ንዱካ፦ ላክሁ።

ኡዞማ፦ ተመስገን። ምን ብለህ ጻፍክ?

ንዱካ፦ «ንዱካ አላገባም።»