ሌባ ያላገኘው አውጫጭኝ

ጸሐፊ ሁሉ በሆዱ መታሰር ይመኛል። አልመኝም የሚላችሁ ካለ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ገና አልጻፈም። እኔማ በጃንሆይ ዘመን ዳንግላ መምህር ሳለሁ፣ ጉቦ በሚበላ ገዥ ላይ ቴአትር ጽፌ የሚያስረኝ ባጣ ተቀይሜ ነበር። ቀን ሲወጣ አገር ይመረምረዋል ብዬም ረቂቁን፣ ድልዙን፣ የተጨማደደውን ሳይቀር በሣጥን ቆልፌ አስቀመጥሁት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሣጥኑ የለም። አከራዬ እትዬ የሺ፣ ሙሉ ልብሴ የተሰረቀ መስሏቸው እሪታቸውን አቀለጡት። "ተዉ እትዬ፣ ወረቀት ነው" ብል ማን ሰምቶኝ... በማግሥቱ ምክትል ገዥው አውጫጭኝ አስጠሩ። አውጫጭኝ፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ያገሩ ሰው በሙሉ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ንቅንቅ የማይልበት ሸንጎ ነው። ጊዜው ደግሞ የጤፍ አጨዳ፤ ሰማዩም ጠቁሯል።

የሽማግሌዎቹ አውራ አያ ተሰማ ጠሩኝ። "ልጄ፣ የጠፋብህን በዝርዝር ተናገር። የማናውቀውን ዕቃ አንፈልግም።"

"ወረቀት ነው፣ አያ።"

"የምን ወረቀት?"

"የቴአትር።"

"እሱ ምን ይላል?"

ምክትል ገዥው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጢማቸውን ይጠመዝዛሉ። የቴአትሬም ገዥ፣ ወዮልኝ፣ ጢማም ነው። ብናገር ወህኒ፣ ዝም ብል ያገሩ ጤፍ ሊበሰብስ። መታሰር የተመኘሁት እንዲህ በቅርብ አልነበረም።

ግን የደራሲ ነገር ምን ይደረጋል... "ገቢር አንድ" አልሁ። ጥቂት ስንኝ እንደሄድሁ ፍርሃቱም ገዥውም ጠፉኝ። እጄን እያወናጨፍሁ፣ ድምፄን እያጎረነንሁ በቃሌ አወርደው ጀመር። አማርኛ ለማይሰሙት አያ ተሰማ በአገውኛ ይተረጉማሉ። እኔ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ የተናገርሁትን እሳቸው በሁለት ቃል ይጨርሱታል።

"አያ፣ ምን አሏቸው?"

"ገዥው ጉቦ በላ አልኋቸው።"

"ሌላውስ?"

"ሌላው ይቆይላቸው።"

እኔ ሰዉ በቁጣ የሚነሣ መስሎኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ አዛጋና "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አለ፤ የቀሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ሁሉ ሌሊት አምጬ የወለድሁት ምሥጢር እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ገቢር አንድን ጨርሼ ቀና ስል የምክትል ገዥው አገጭ ደረታቸው ላይ ወድቋል። ያንኮራፋሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከወህኒው ይልቅ ይኼ አመመኝ። ተናደድሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ገቢር ሁለት" አልሁ።

ከኋላ አንድ ገበሬ ማጭዱን እንደያዘ ብድግ አለ።

"ሌባው እኔ ነኝ።"

ምክትል ገዥው ነቁ። "ሣጥኑን የት አደረግኸው?"

"እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። የት እንዳደረግሁት እናንተው ንገሩኝና እከፍላለሁ፤ ካላችሁም እታሰራለሁ። ብቻ ይኼ ሰው ሁለተኛውን እንዳይጀምር።"

ምክትል ገዥው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ከወንበራቸው ተነሡ። "ይህ ሰው አልሰረቀም። ሂዱ፣ ጤፋችሁን ሰብስቡ።"

ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ሲሮጥ እኔ ተከተልኋቸው። "ጌታዬ፣ ሣጥኔን የወሰደው ሰውዬ ሳይቀጣ ሊቀር ነው?"

"ካነበበው" አሉ በቅሏቸው ላይ እየወጡ፣ "ተቀጥቷል።"