የጨርቅ ቆራጩ እንክብል

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ያልተማረ ሐኪም አይጠፋም። በዚያ የልብስ ስፌት ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጨርቅ ቆራጩ ነበሩ፤ መቀሳቸው በቀኝ ኪስ፣ ኢንዶሜታሲን የሚባለው እንክብላቸው በግራ።

አንድ ጊዜ ሪህ የእግራቸውን አውራ ጣት አሳብጦ ጫማ አላስገባ ሲላቸው፣ ይህ የድሮ ማስታገሻ ቀጥ አድርጎ አቁሟቸዋል። ከዚያ ወዲህ ለጥርስ እሱ፣ ለወገብ እሱ፣ አማት ላስነሳችው ራስ ምታትም እሱው ነው። አዳዲሶቹን መድኃኒቶች "ገና ጥርስ ያላበቀሉ" ይሏቸዋል። ጨጓራዬን አቃጠለኝ የሚል ከመጣ መልሳቸው አንድ ነው፤ "በልተህ ዋጠው።"

አጠገባቸው የምትሰፋው ባልቴት ጉልበቷ የስፌት መኪናውን መርገጫ አልገፋ ብሏት ሥራውን ልትተወው ስትል፣ ለእሷም ሰጧት። ደግሞ ሠራላት! የስፌት ቤቱን ደረጃ እየሳቀች መውጣት ጀመረች። ወራት ሙሉ ዋጠችው። የልብ ሐኪሟ በየቀኑ አስፒሪን አዝዞላት እንደነበር እሳቸው አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ሆዷ ሲቃጠል በልታ ዋጠች።

አንድ ረፋድ ላይ የጠቆረ ደም አስታውካ መኪናው ላይ ተደፋች። ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሷት ቆራጩ ናቸው።

"መድኃኒቱስ መጥፎ አይደለም" አላቸው የሆስፒታሉ ሐኪም እንክብሉን አይቶ፣ ኮሪደሩ ላይ። "ለሪህ፣ ለጥቂት ቀን፣ ጨጓራው ደህና ለሆነ ሰው እኛም እናዝዘዋለን። ለእሷ ግን፣ በዚህ ዕድሜ፣ በአስፒሪን ላይ... ጨጓራዋን አቁስሎ አድምቶታል።"



ባልቴቷ ተርፋ ቤቷ ገባች፤ መኪናው ላይ ግን ዳግም አልተቀመጠችም። አቅሟ ከዳት፣ የጉልበቷም ሕመም ተመለሰ። ቆራጩ ሊጠይቋት ሲመጡ ልጇ በር ላይ አቆመቻቸው። ሊገድሏት ነበር፣ ደግሞ ምን ቀረዎት አለቻቸው። የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ቆይተው ሄዱ። በማግስቱም መጡ።

እናትየው የቆራጩን ሳል ከአልጋዋ ሆና ሰማች። ቁጣው አልለቀቃትም ነበር። ቢሆንም "አስገቢው" አለች።

"እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ..."

"ያደረገኝን አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓመት እግሬን እየጎተትኩ ስወጣ ስገባ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረ ብሎኝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ በሩን ከፈተች።