ሲሚንቶ የለበሰው የጭቃ ቤታችን

አሮጌ ቤት ያለው ሰው ምክር አያጣም። ደጃፉን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ቤቱ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃሉ። አፍርሰህ ሥራው የሚል አለ፤ ሽጠህ ተገላገል የሚል አለ፤ ቀለም ብቻ ቀባው፣ ውስጡን ማን ያየዋል የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። እኔ ሶዶ ውስጥ፣ የዳሞታ ተራራ ቁልቁል በሚያየን ሰፈር፣ አባቴ በወጣትነቱ ባቆመው የጭቃ ቤት ተወልጄ እዚያው ፀጉሬ መሸበት ስለ ጀመረ፣ ከመካሪዎቹ ተርታ ብሰለፍ የሚቆጣኝ አይኖርም። እናንተም ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ጣራ። ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ መደቀን ጥገና አይደለም። ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በምስማሩ ቀዳዳ ነውና የላላውን ነቅላችሁ ወፈር ያለ ምስማር ምቱበት፤ ከምስማሩ ራስ ሥር የጎማ ቁራጭ አድርጉ። ጎማ ከጠፋ የለስላሳ ቆርኪም ያገለግላል፤ የሰፈራችን ጣራ ከላይ ቢታይ ግማሹ የመጠጥ ማስታወቂያ ነው። ቀጥሎ በር። በክረምት በሩ አበጠ፣ አልዘጋ አለ ብላችሁ አናጺ እንዳትጠሩ። በጋው ሲገባ በሩ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ አናጺው የላገው እንጨት ግን አይመለስም፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ድመት ሳታጎነብስ የምትገባበት ቤት ይኖራችኋል። ክረምቱን በትከሻችሁ እየገፋችሁ እለፉት። ከሁሉም በላይ ግን ውሃን ፍሩ። የጭቃ ቤትን የሚጥለው ዕድሜ አይደለም፤ ከእግሩ ሥር የሚተኛ ውሃ ነው። ስለዚህ አሸንዳችሁን ጠብቁ።

የመጨረሻው ምክሬ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ የሚል ነው። ይህን ለማስረዳት ደግሞ አባቴን ትንሽ ማማቴ አይቀርም። እሱ አሁን ጌታ ዘንድ ነው፤ እዚያ ቂም የለም ይባላል።

በሰፈራችን ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጊፋታ የምንለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ሳይደርስ፣ የየቤቱ ግድግዳ ይታደስ ነበር። ሥራው የሴቶች ደቦ ነው። ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት እያሉ መንገዱን ሙሉ ይዞራሉ። አፈሩ ቀደም ብሎ ተቆፍሮ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ እስኪሸት ድረስ ውሃ እየጠጣ ይሰነብታል። (ያልሸተተ ጭቃ አትመኑ፤ ችኩል ጭቃ ገና ሳይደርቅ ይሰነጠቃል።) ከዚያ በእጅ ይለጠፋል፣ በመዳፍ ይስተካከላል፣ መጨረሻ ላይ እበትና ነጭ አፈር ይቀባል። ለጉልበት የሚከፈል ነገር የለም። እኔ ያንቺን ግድግዳ ከለሰንኩ አንቺ የኔን ትለስኛለሽ፤ በቃ።

እናቴ በሌላው ቀን ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። አባቴ መምህር ስለ ነበር በቤታችን የመናገሩ ሥራ የእሱ ነበር። በልስኑ ቀን ግን ነገር ሁሉ ይገለበጣል። የጎረቤታችን እትዬ ዶርቃ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ የነበረችው፣ እጅጌዋን ሰብስባ መዝሙሩን ታወጣለች። አክስቴ ወርቅነሽ ነጩን አፈር በጆንያ አስጭና በአይሱዙ ከገሱባ ትመጣለች። እናቴ መሐላቸው ቆማ ውሃ ጨምሩ፣ ጭድ አንሷል፣ ያ ጥግ ይደገም ትላለች፤ ሁሉም ይታዘዛታል። አባቴን ሳይቀር ታዘዋለች። "አንተ ወንበርህን ይዘህ ወደዚያ ሂድ፤ መንገድ ዘጋህ" ትለዋለች፤ እሱም ወንበሩንና ጋዜጣውን ይዞ ጓሮ አቮካዶው ሥር እስከ ማታ ይሰደዳል። ሲመሽ ቦዬ የምንለው ሥራ ሥር ተቀቅሎ፣ በተፈጨ ቃሪያ በሚሠራው ዳጣ ይበላል። ሴቶቹ እጃቸውን ታጥበው እንኳ ጭቃው ከጥፍራቸው ሥር አይወጣም ነበር። ያን ቀን እናቴ ዓመቱን ሙሉ ትጠብቀው ነበር። እኔም ዛሬ ድረስ ይናፍቀኛል።

ታዲያ በኢሕአዴግ ዘመን መሐል ገደማ፣ ከተማው ሁሉ ግንባታ ግንባታ በሚልበት ወቅት፣ ከፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ብሎኬት ቤት ሠራ። አባቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ ሥልጠና ላይ ከርሞ መጣ። ከሥልጠናው እስክሪብቶ፣ ቦርሳና "ዘላቂ መፍትሔ" የሚል ቃል ይዞ ነው የተመለሰው። እስክሪብቶው ቶሎ አለቀ። በቤታችን የሚወራው በወላይትኛ ነው፤ አባቴ ግን ቁም ነገር ሲኖረው ወደ አማርኛ ይሻገራል። አንድ ማታ እራት ላይ ተሻገረ።

"በየዓመቱ ጭቃ መለጠፍ ኋላ ቀርነት ነው። ይህ ቤት ዘላቂ መፍትሔ ያስፈልገዋል።"

እናቴ ተከትላው ተሻገረች። የእሷ አማርኛ ግድግዳን ሴት፣ ሴትን ወንድ የሚያደርግ አማርኛ ነው። "ግድግዳዋ ምን ሆነች?" አለች።

አባቴ ግድግዳዋ ምን እንደ ሆነች ሳይመልስ በማግስቱ ሲሚንቶ ሊገዛ ሸምሱ ዘንድ ሄደ። ሸምሱ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ከነሽንቁሩ ያውቃል። "ጋሼ፣ ብሎኬት ጀመሩ እንዴ? እኛ ሳንሰማ?" አለው። አባቴ ያው ነው፣ ለዚያው ለነበረው ቤት ነው አለ። ሸምሱ ትንሽ አየው፤ ከዚያ ሲሚንቶውን ጋሪ ላይ አስጫነና "እንግዲህ አላህ ያቁመው" ብሎ ሸኘው።

ከሻንቶ የመጣው ግንበኛ ቤቱን በሲሚንቶ ለሰነና ሳይደርቅ በምስማር መስመር አወጣበት፤ ከሩቅ ሲታይ ብሎኬት እንዲመስል። አባቴ መንገዱን ተሻግሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቤቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ለሚያልፈው ሁሉ "ዘላቂ ነው" ይል ነበር። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ጊፋታ ሲቀርብ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ግድግዳውን ነካ ነካ አደረጉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አሉ፣ የቀረበላቸውን ቀምሰው ተነሡ። ክፉ ነገር አልተናገሩም። በማግስቱ እናቴ እንደ ወትሮዋ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ እትዬ ዶርቃ ቤት ለልስን ስትሄድ ግን ዶርቃ በር ላይ ተቀበለቻት። "አንቺ አትልፊ፣ የማርቆስ እናት። ቤትሽ ሲሚንቶ ነው። የደከምሽልንን በምን እንመልስልሻለን?" አለቻት። ማርቆስ እኔ ነኝ። ነገሩ በክብር የተነገረ፣ ከልብ የታሰበ ነው። የማይመለስ ጉልበት መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እናቴ ተመለሰች። ያን ሰሞን ደቦው መንገዱን ሙሉ ሲዞር መዝሙሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር ይሰማን ነበር። እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የተለቀመ ምስር መልሳ ትለቅማለች። አክስቴ ከገሱባ ባዶ እጇን መጥታ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ሄደች። አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፤ ቀጥሎ ዝቅ አደረገ፤ ቀጥሎ ዘጋው። በዘመናችን አዝኖ የማያውቅ ቤት ያን ጊፋታ አዘነ።

በቀጣዩ ክረምት ግድግዳው መናገር ጀመረ። (አሮጌ ቤት ስትገዙ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ፤ ድምፁ እንደ ባዶ ጀሪካን ከሆነ ልስኑ ከግድግዳው ተለያይቷል።) እናቴ ጠዋት ጠዋት ታንኳኳዋለች። እኔ ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ ስለ ነበር ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፤ አንድ ነገር ማየቴ አልቀረም። እናቴ የዕቃ እጣቢዋን፣ ሁልጊዜ ጓሮ ለጎመኑ የምታጠጣውን፣ ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ለፊት እየመጣች ከግድግዳው እግር ሥር ትደፋዋለች። ደፍታም ቆም ብላ ታየዋለች።

እሷን መከልከል አልደፈርኩም። አሸንዳው ግን መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ በዚያው ጥግ ያፈስ ስለ ነበር፣ ቢያንስ እሱን ልድፈን ብዬ መሰላል አቆምኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሸንዳ ሲያፈስ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የምስማር ቆርኪ በየኪሱ የማይጠፋ ሰው ነው። "ተወው" አለኝ። ለምን ስለው እናቴ ሳፋዋን ይዛ ብቅ አለች። አየችኝ፤ እሱንም አየችው፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ውሃዋን ደፋች። አባቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

"ነገ እኔ አየዋለሁ" አለ፣ ከጋዜጣው ጀርባ። በወላይትኛ ነበር ያለው።

ያ ነገ ክረምቱን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። ዘላቂ ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ የተናገረ ሰው ተሳስቻለሁ ማለት አይሆንለትም፤ ዝናቡ እንዲልለት ግን ፈቀደ።

ዝናቡም አለው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከእንግዶች ጋር ተቀምጠን ሳለ የፊት ለፊቱ ሲሚንቶ ከነመስመሩ እንደ አንድ ሳንቃ ተነቅሎ ደጅ ላይ ወደቀ። ተሯሩጠን ወጣን። ከሥሩ የድሮው ጭቃ ብቅ ብሏል፤ ላዩ ላይ የሴቶቹ ጣት ያሰመረው ሁሉ እንዳለ ነው። ግንበኛው የድሮውን ጭቃ ሳይቧጭር ስለ ለሰነበት ሲሚንቶው አንዱንም አላጠፋውም። እናቴ ቀረብ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። "ይሄ ዶርቃ ነው፤ እጁ ሰፊ ነው" አለች፣ በዚያ አማርኛዋ። ወደ ግራ የታጠፈውን ነክታ "ይሄ እኅቴ፤ ግራኝ ነው" አለች። እንባዋ መጣ። አባቴ ለእንግዶቹ "ሲሚንቶው ጥራት የለውም" አላቸው፤ እነሱም ጨዋ ስለ ሆኑ በሲሚንቶው ፈረዱ።

እናቴ ግን ይህን አልሰማችም። አጥሩ ዘንድ ደርሳ፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ በምንሰማው ድምፅዋ፣ "ዶርቃ፣ ግድግዳ ወደቀች" እያለች ትጣራ ነበር። እትዬ ዶርቃ እጅጌዋን እየሰበሰበች ነው የወጣችው። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ተረግጦ፣ ሸቶ ለጊፋታ ደረሰ፤ አክስቴም ከነጆንያዋ መጣች። የልስኑ ቀን ጠዋት አባቴ ማንም ሳያዘው ወንበሩንና ጋዜጣውን ይዞ ወደ አቮካዶው ሄደ።

ዛሬ አባቴ የለም። እናቴ አርጅታለች፤ በልስኑ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምታዘው። ሰፈሩ እየተቀየረ፣ ብሎኬቱ እየበዛ፣ ደቦው እየሳሳ ሄዷል፤ አሁንም የጭቃ ግድግዳ ካለ ግን የሚመጡ ሴቶች አሉ። በቀደም ክረምቱ ሲጠና መሰላል አቁሜ አሸንዳውን አየሁት። ያው ጥግ፣ ያው መጋጠሚያ። አንድ ቁራጭ ቆርቆሮና ትንሽ ሬንጅ ቢያገኝ የሚዘጋ ነገር ነው፤ ሁለቱም በእጄ ነበሩ።

"ምን ሆነች?" አለችኝ እናቴ ከታች።

"ትንሽ ተሰንጥቃለች።"

"ታዲያስ?"

"ነገ አየዋለሁ" አልኳት።

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ጭዱ ተገዝቶ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ።