የልጄ እግሮችና የሊቀመንበሩ ንግግር

ስኳር በወረፋ፣ ሳሙና በወረፋ፣ ጨው በወረፋ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ማንም «ካርድህን አምጣ» ሳይለን እንደ ልባችን የምንወስደው አንድ ነገር ነበረን፤ ፀሐይ። ታዲያ እናንተም እንደምታውቁት፣ እኛ ሰዎች በነፃ የተሰጠንን ነገር ክፉኛ እንጠረጥራለን። ለስኳሩ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈን፣ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ነጠላችንን ስበን እንከናነባለን። በተለይ ልጅ ካለን። በተለይ ደግሞ ልጁ የመጀመሪያ ከሆነ። እኔ አዋሳ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ እንደማታጣ በጠመኔ እየሳልኩ አስረዳ ነበር። የገዛ ልጄ ምሕረት ግን መስኮቱ በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተጠቅልላ ነበር የምታድገው።

ጥቅለላው የአማቴ የእማማ በለጡ ሥራ ነው። ባለቤቴ አልማዝ ቢሮ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስለምንውል፣ ልጅቷን ሊያሳድጉልን ከደብረ ብርሃን በኩል ከደጋው መጥተው አብረውን ይኖሩ ነበር። እንደ እሳቸው ሕግ ፀሐይ ለሕፃን ምች ናት፤ የሰው ዓይን ከምችም ይብሳል፤ ከሁሉም የከፋችው ደግሞ በክረምት በዝናብና በዝናብ መካከል ብልጭ የምትለው ፀሐይ ናት። የአዋሳ ክረምት ደግሞ፣ ለኖራችሁበት አልነግራችሁም፣ ደመናው ሐይቁ ላይ ተኝቶ ለመነሣት የሚሰንፍበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጃችን በበጋ በጨርቅ፣ በክረምት በጨርቅም በደመናም ተሸፍና ዓመት ሞላት።

ዓመት ሞላት እንጂ አልቆመችም። የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዋ፣ አጥራችንን ሾልኮ እየገባ በቆሎአችንን ሲያነካክት፣ የኛዋን ብብቷን ይዘን ስናቆማት እግሮቿ እንደ ራሰ ገመድ ይተጣጠፋሉ። ስትተኛ ጭንቅላቷን ላብ ያጠምቃታል። አልማዝ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ፈራሁ፤ አስተማሪ ነኝ ብዬ ፍርሃቴን በሳይንስ ስም ልጠራው አልችልም፣ ዝም ብሎ ፍርሃት ነበር።

ሐኪሙ የእጅ አንጓዋንና የጎን አጥንቷን ዳሰሰና «አጥንቷ ለስልሷል፤ የጎደላት ቫይታሚን ዲ ነው» አለን። «የዓሳ ዘይት ለጊዜው የለም። ፀሐይ ግን አለች። ጠዋት ጠዋት እግሯን ገልጣችሁ አሙቋት። እንዲህ ከቀጠለች ግን ስትቆምም እግሯ ይጎብጣል።» ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ላይ ዓሳ በየቀኑ ተከምሮ እያየን የዓሳ ዘይት ከባሕር ማዶ መጠበቃችን ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ እሱን እንተወው።

ቤት ደርሼ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ሐኪሙ ልጅቷ ፀሐይ ትሙቅ ብሏል።»

«ሐኪሙ ስንት ልጅ አሳድጓል?»

«ኧረ ገና አላገባም።»

«አየህ!» አሉኝ፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ቀን ልጅቷን በጉልበት ይዘን ልንወጣ ስንል እማማ በሩ ላይ ተቀምጠው «ልጄን ልትቀብሯት ነው!» እያሉ አለቀሱ። ያን ጊዜም ዝናቡ የሳቸው ዘመድ ይመስል ከተፍ አለ። ሰኞ እኛ ሥራ፣ ምሕረት ወደ ጨለማዋ።

እንዲህ እያለን ነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ባራሳ አዲስ መመሪያ ያወጡት። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት በቀበሌው ሜዳ ላይ በሚደረገው ስብሰባ ከእንግዲህ አዛውንትም ቢሆን መቅረት የለም፤ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። ጓድ ባራሳ ክፉ ሰው አልነበሩም። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ምስክርነት እንዳይመስላችሁ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ መናገር ከጀመሩ ማቆሚያውን አያውቁትም። እማማ በለጡ ደግሞ የማይደራደሩበት ነገር ቢኖር ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ቅዳሴ ስላመለጣቸው እያጉረመረሙ፣ ልጅቷን ለማንም አላምንም ብለው በቀኝ ክንዳቸው ታቅፈው፣ በግራ እጃቸው ነጠላውን ፊቷ ላይ ጨምድደው ይዘው ሜዳው ላይ ተሰየሙ።

ጓድ ባራሳ ስለ ምርት ዕድገት ጀመሩ። ሣሩ እርጥብ ነው። ደመናው ተገለጠ፣ ፀሐይዋ ወጣች፣ ንግግሩም ሞቀ። ከዚያ መፈክር መጣ፤ ግራ እጅ ይነሣል! እማማ ቀኝ እጃቸውን ሊያነሡ ቢሞክሩ ልጅቷ ልትወድቅ ሆነ። የረድፉ ተቆጣጣሪ «እማማ፣ ግራ እጅ!» አላቸው። ግራ እጃቸው ወደ ላይ፣ ነጠላው ወደ ታች። ምሕረት ገና ዛሬ የተወለደች ይመስል ዓይኗን ጨፈነች፣ አስነጠሳት፣ ከዚያም ሳቀች። መልሰው ሸፈኗት። «ወደፊት!» አሉ ጓድ ባራሳ። ነጠላው ወረደ። ሸፈኗት። «ይውደም!» ወረደ። መፈክሩ ሲበዛ ክንዳቸው ዛለና ነጠላውን ተዉት። የልጄ ቀጫጭን እግሮች፣ አገር እያያቸው፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ ሞቁ።

ያን ዕለት ማታ እማማ ዳማከሴ አሽተው ምቹን ጠበቁ። ምች አልመጣም። ልጅቷ በልታ ለጥ ብላ ተኛች። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ በተመለስኩበት አንድ የሥራ ቀን ደግሞ ጓሮ ውስጥ እግሯን ገልጠው ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋት አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ምነው?»

«ለስብሰባው እያለማመድኳት ነው» አሉኝ ሳያዩኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ቀበሌው በሙሉ አይቷት ምንም አልሆነች። ከእንግዲህ ከማን ነው የምደብቃት?»

ክረምቱ ወጣ። በጥቅምት አንድ እሑድ ጓድ ባራሳ ስለ መስኖ እየተናገሩ ሳለ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ምሕረት የአያቷን ቀሚስ ጨበጠች፣ ተንጠራራች፣ ቆመች። እማማ «እልልልል!» አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሰውየው በመስኖ ዕቅዳቸው እልል የተባለላቸው መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኛም እያለቀስን ነበርና ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

በዓመቱ፣ በነዋሪው መዋጮና ጉልበት የተሠራው የቆርቆሮ አዳራሽ አለቀ። ጓድ ባራሳ «ከእንግዲህ ፀሐይ አይመታንም!» ሲሉ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። በዚህ መካከል እማማ በለጡ እጃቸውን አወጡ፤ ግራ እጃቸውን፣ ያውም ጨብጠው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አዳራሹ ለሠርግ ለለቅሶ ይሁነን። እኛ እዚሁ ሜዳው ላይ እንስማዎት።»

«እማማ፣ ፀሐዩ አልከበደዎትም?»

«ንግግርዎ አይጠር እንጂ ፀሐዩስ አይከብደኝም።»

ጓድ ባራሳ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ አድማጭ አጋጥሟቸው አያውቅም። አማቴን በአርአያነት አወድሰው ሐሳቡን ለድምፅ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ በዚያ ዘመን በሙሉ ድምፅ የማይጸድቅ ነገር አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ዞሮ ባየን ዓይን ቡዳ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም ነበር። አልማዝ አጠገቤ አንገቷን ደፍታ፣ ገፋ ማለት በጀመረው ሆዷ ላይ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይቅር አላለንም። እኔ ግን ፀሐይዋንም፣ ሐኪሙንም፣ አማቴንም፣ ያን ማለቂያ የሌለው ንግግርም አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ልጃችን ዓመት ሲሞላው በመቆም ብቻ አላበቃም፤ በቆሎ ፍለጋ የጎረቤቱን አጥር ሾለከ።