የባይሹ ጄኔራል
ስደተኛ በተሰበሰበበት ጄኔራል እንደሚበዛ አታውቁም እንዴ? እኔ ከሁሉም የማደንቀው እዚህ ሳዑዲ፣ ባይሽ፣ ፍየል የሚጠብቀውን የወሎውን ሁሴንን ነው። ስልኩ ላይ የአገራችንን ጦርነት እያየ የሁለቱንም ወገን አዛዦች ይገመግማል።

«ይሄ ደግሞ ምሽግ ያዝኩ ብሎ ይፎክራል፤ ልጆቹን የት ጥሏቸው ነው?»

እኛ እንስቅበታለን።

አንድ ቀን ሩዝ ጥደን ሳለ የፖሊስ መኪና ወደምንሠራበት እርሻ ታጠፈ። ከመካከላችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ማን ነው? ሁሴን «ያላ! በማሽላው ውስጥ!» ብሎ አስወጣን፤ እሱ መጨረሻ ወጣ። ሸለቆው ውስጥ ስንደርስ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። ሁላችንም አለን።

«ድል ነው፣ ጄኔራል!» አልኩት።

«የምን ድል? ሩዙን ከነድስቱ ማርከውታል። ኸላስ፣ ተሸንፈናል።»

ሲፎክር የሰማሁት አዛዥ ብዙ ነው። ልጆቹን ሁሉ ይዞ ወጥቶ «ተሸንፈናል» ያለ ግን ሁሴን ብቻ ነው።